አንዲት ሴስና፣ አሥራ ሁለት አባላት፦ የበረራ ክበብንና ቤቱን ማስተዳደር

የበረራ ክበብ ማለት ጥቂት ሰዎች አንድ አውሮፕላን በጋራ ይዘው፣ ወጪውን ተካፍለው፣ በተራ የሚያበሩበት ማኅበር ነው። አሠራሩ ከእቁብ ይልቅ እድርን ይመስላል። ዕጣ የለውም፣ የከፈሉት ተመልሶ ኪስ አይገባም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ገንዘቡ ከሣጥኑ መገኘት አለበት። በእድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያገለገለ ሰው የዚህን ሥራ ግማሽ ያውቀዋል። ሌላው ግማሽ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ኢንሹራንስና የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍ ኤ ኤ) ደንብ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክበብ ለማቋቋም ወይም የተቋቋመውን ለማስተካከል ለሚያስቡ ነው። ለምሳሌ የያዝነው ብዙ ክበቦች የሚጀምሩባትን ባለአራት መቀመጫ ሴስና 172፣ 150 የፈረስ ጉልበት ካለው የላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር ጋር ነው። የዶላር ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው፤ የእናንተን ዋጋ አስገቡባቸው።

ከአውሮፕላኑ በፊት ወረቀቱ

በግዛታችሁ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ኮርፖሬሽን አቋቁሙና አውሮፕላኑ በእሱ ስም ይመዝገብ። በግለሰቦች ስም ከተመዘገበ አንድ አባል በወጣ ወይም በሞተ ቁጥር የባለቤትነት ወረቀቱ እንደገና ይሠራል። ኮርፖሬሽኑ መሪውን የያዘውን አብራሪ ከግል ተጠያቂነት እንደማያድነው ግን ለሁሉም በግልጽ ይነገር። የሚጠቅመው በዚያ ሰዓት ቤታቸው ተኝተው ለነበሩት አባላት ነው።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሳተው የዜግነት ጉዳይ ነው። አንድ ኮርፖሬሽን አውሮፕላን ለማስመዝገብ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ የሚቆጠረው ፕሬዚዳንቱ ዜጋ ሲሆን፣ ከዳይሬክተሮቹና ከኃላፊዎቹ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ዜጎች ሲሆኑ፣ ከድምፁም ቢያንስ 75 በመቶው በዜጎች እጅ ሲሆን ነው። ቦርዱ አምስት ሰው ከሆነ አራቱ፣ እኩል ድምፅ ያላቸው አባላት አሥራ ሁለት ከሆኑ ደግሞ ዘጠኙ ዜጋ መሆን አለባቸው ማለት ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው አባል መሆን ይችላል፤ ቆጠራው ላይ ግን ከዜጋ ወገን አይገባም። አንድ ዜጋ ወጥቶ በግሪን ካርድ ባለቤት ሲተካ ሚዛኑ ከተዛባ ምዝገባው ዋጋ ያጣል፤ ያልተመዘገበ አውሮፕላን ደግሞ አይበርም፣ ኢንሹራንሱም ያከራክራል። ስለዚህ ጸሐፊው የአባላት መዝገብ ላይ የዜግነት ዓምድ ይጨምር፤ አዲስ አባል ከመቀበሉ በፊት ይቁጠር።

ከዚሁ ጋር፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ የመጀመሪያ የአብራሪነት ፈቃዱን ለማግኘት ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የማጣራት ሂደት ያልፋል። አስተማሪውም የተማሪውን ዜግነት የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። «ዘመዴ ነው፣ አውቀዋለሁ» እዚህ አይሠራም።

በግብር በኩል ክበቦች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት 501 ሲ 7 በሚባለው የማኅበራዊ ክበብ ክፍል ነው። ከጠቅላላ ገቢው ከ35 በመቶ በላይ ከአባላት ውጪ መምጣት የለበትም፤ ዓመታዊ ሪፖርቱም ከግብር ነፃ ነን ተብሎ አይታለፍም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባችሁ ነፃነቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ገንዘብ ያዥ ሲቀያየር የሚረሳው ይሄ ነው። በአየር ማረፊያው በኩል ደግሞ ክበቡ ራሱን ለሕዝብ እንደ በረራ ትምህርት ቤት ወይም እንደ አከራይ አድርጎ ማስተዋወቅ አይችልም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ኑ እናብርራችሁ፣ በሰው 80 ዶላር» የሚል ወረቀት መለጠፍ ፈቃድ ያስነጥቃል።

የት ይቀመጥ?

ከዲሲ እምብርት በ30 የባሕር ማይል ዙሪያ ልዩ የበረራ ደንብ ያለበት ክልል አለ። በዚያ ውስጥ የሚበር ሰው የበረራ ዕቅድ አስቀድሞ ያስገባል፣ ከተቆጣጣሪ የተሰጠውን የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን በራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድ ይዞ ይበራል፣ ሬዲዮውንም ይከታተላል። በ60 ማይል ውስጥ በእይታ የሚበር ሁሉ የኤፍ ኤ ኤን ልዩ ሥልጠና ወስዶ ማስረጃውን መያዝ አለበት። ጌተርስበርግ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ አየር ማረፊያና ማናሳስ ከ30ው ውስጥ ናቸው፤ ፍሬድሪክ ከ30ው ውጪ፣ ከ60ው ውስጥ ነው። ከ1909 ጀምሮ ሥራ ያላቋረጠው ኮሌጅ ፓርክ ደግሞ በጣም ጥብቅ በሆነው የውስጥ ክልል ስላለ እዚያ የሚያርፍ አብራሪ ተጣርቶ የግል መለያ ቁጥር ይቀበላል።

ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ኮሌጅ ፓርክ ቅርብ ነው፣ ታሪኩም ያማልላል። ሆኖም ለጀማሪ ክበብ ፍሬድሪክን እንመርጣለን። አንድ አባል ኮዱን ተሳስቶ 1200 ላይ፣ ማለትም በሌላ ቦታ በእይታ ሲበር በሚጠቀምበት የተለመደ ኮድ ላይ፣ አድርጎ ቢገባ ጣጣው የግሉ ብቻ አይሆንም፤ አውሮፕላኑም ክበቡም አብረው ይጠየቃሉ። አንድ ሰዓት መንዳት ከዚያ ይሻላል።

ገንዘቡ

ክበብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምዕራፍ ነው። ወጪውን ለሁለት ክፈሉት፦ አውሮፕላኑ ቆሞም የሚበላው፣ ሲበር ብቻ የሚበላው። የመጀመሪያው በወርሃዊ መዋጮ ይሸፈናል፣ ሁለተኛው በሰዓት ክፍያ። ሁለቱን ያደባለቀ ክበብ ክረምት ላይ ማንም ሳይበር ኢንሹራንስ የሚከፍለው ያጣል።

ቆሞ የሚበላው በዓመት፦ ኢንሹራንስ 4,200፣ የማቆሚያ ኪራይ 1,800፣ ዓመታዊ ምርመራ 3,000፣ የክበብ ቤት ኪራይና መብራት 2,400፣ ምዝገባና ልዩ ልዩ 600፤ ድምር 12,000 ዶላር። ይህን ለአሥራ ሁለት ሰው አታካፍሉ። ሁልጊዜ አንዱ ወደ አትላንታ ይዛወራል፣ ሌላው ልጅ ይወልድና ያቆማል። በአሥር ሰው አስሉት፤ በወር 100 ዶላር ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች ሲኖሩ የሚተርፈው መጠባበቂያ ይሆናል።

ሲበር የሚበላው በሰዓት፦ ነዳጅ 8 ጋሎን በ6.50 ሒሳብ 52፣ ዘይትና ፊልትሮ 5፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማግኔቶ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) እና ድንገተኛ ጥገና 20፣ የሞተር መጠባበቂያ 20፤ ድምር 97 ዶላር።

የመጨረሻዋ 20 ዶላር ላይ ቆም በሉ። ላይካሚንግ ለኦ-320 ያስቀመጠው የእድሳት ጊዜ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው። እድሳቱ ከማውረጃና ከመግጠሚያው ጋር 40,000 ቢፈጅ፣ ለ2,000 ሲካፈል 20 ይሆናል። ግን አብዛኛው ክበብ የሚገዛው አውሮፕላን አዲስ ሞተር የለውም። 1,400 ሰዓት የሠራ ሞተር ገዝታችሁ 20 ዶላር ብትሰበስቡ፣ በቀሩት 600 ሰዓታት የሚጠራቀመው 12,000 ብቻ ነው። የጎደለው 28,000 ሞተሩ በሚወርድበት ቀን «ተጨማሪ መዋጮ» ተብሎ ይመጣል፤ ያን ቀን ግማሹ አባል መልቀቂያ ያስገባና ዕዳው በቀሩት ላይ እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው በግዢ ቀን ነው፦ ያለቀውን ሰዓት በ20 አባዙ፣ 28,000ውን ከዋጋው አስቀንሱ ወይም በመግቢያ ክፍያ ሰብስባችሁ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። ይህ ሒሳብ በሁለት ፊርማ ብቻ ይነካ። ለጣሪያ ጥገና «ተበድረን እንመልሳለን» የተባለ ገንዘብ ሲመለስ አላየንም።

ሌላው ወጥመድ የሰዓት ዓይነት ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለት ቆጣሪ ሊኖር ይችላል። ሆብስ የሚባለው ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል፤ ታክ የሚባለው በሞተሩ ዙር ልክ ስለሚቆጥር በዝግታ ሲሄድ ይዘገያል። ሆብስ 1.2 ሲል ታክ 1.0 ሊል ይችላል። 97ቱን በሆብስ ሰዓት አስልታችሁ በታክ ብታስከፍሉ ከእያንዳንዱ ስድስት ዶላር አንዱ ይጠፋል፣ የት እንደገባም ማንም አያውቅም። በየትኛው እንዳሰላችሁ በዚያው አስከፍሉ። የጥገና ጊዜ ግን በታክ ይቆጠር።

አባል ከሌላ አየር ማረፊያ ነዳጅ ቢሞላ ደረሰኙን ያመጣል፤ የሚመለስለት በራሳችሁ አየር ማረፊያ የጋሎን ዋጋ ነው። አለበለዚያ ሩቅ በርሮ አሳ በልቶ ለሚመለሰው ሰው ውድ ነዳጅ ሌላው አባል ይከፍላል።

ኢንሹራንስ

የተለመደው ሽፋን በአንድ አደጋ 1,000,000፣ በአንድ ተሳፋሪ ግን 100,000 ዶላር ይላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አንብቦ ይፈርማል። ከኢንሹራንስ ወኪሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ አባላት ሁሉ በውሉ ውስጥ እንደ ባለመብት ተቆጥረዋል ወይስ ክበቡ ብቻ፣ ኩባንያው ለክበቡ ከከፈለ በኋላ ዞሮ አብራሪውን መክሰስ ይችላል ወይ፣ አንድ አዲስ አባል ብቻውን ከመብረሩ በፊት ስንት ሰዓት ያስፈልገዋል። ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከክበቡ የሚቆረጠውን ገንዘብ ጉዳቱን ያደረሰው አባል እንደሚከፍል በደንባችሁ ይጻፍ።

መቀበል፣ መመዝገብ፣ ማገድ

አዲስ አባል ፈቃድ ቢኖረውም ከክበቡ አስተማሪ ጋር በርሮ ይፈተናል። የሕጉ ዝቅተኛ መለኪያ ይታወቃል፦ በየ24 ወሩ የበረራ ክለሳ፣ ተሳፋሪ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ሦስት መነሣትና ማረፍ። እኛ የምንመክረው በ60 ቀን ውስጥ በዚችው አውሮፕላን ያልበረረ አባል ከአስተማሪ ጋር አንድ ዙር እንዲወጣ ነው። ቅሬታ ያመጣል፤ ከተጣመመ የፊት እግር ይረክሳል።

ለአንድ አውሮፕላን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት አባል በቂ ነው። የተራ መያዣው በስልክ የሚሠራ ይሁን። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ተራ አይያዝ፣ ከዚያም ቅዳሜና እሑድ የሚውለው አንዱ ብቻ። 30 ደቂቃ ያረፈደ ተራውን ያጣል። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ላይ ሁሉም ቤተሰቡን ማብረር ስለሚፈልግ እነዚህን ቀናት በዕጣ አከፋፍሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የብልሽት መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ አባል ሲመለስ ያየውን ይጽፋል፦ ቀን፣ ታክ፣ ችግሩ፣ ስም። «ሬዲዮ ችግር አለው» አይበቃም፤ «ሁለተኛው ሬዲዮ በ118 አካባቢ ይሰማል፣ ሲናገሩ ግን ይቆረጣል» ተብሎ ሲጻፍ መካኒኩ የአንድ ሰዓት ሥራ ይድናል። ማንኛውም አባል አውሮፕላኑን ማገድ ይችላል፤ እግዱን የሚያነሣው ግን የጥገና ኃላፊው ብቻ ነው። አውሮፕላኑን ባገደ ሰው ላይ በስብሰባ የሚያሾፍ ካለ ዳኛው እዚያው ያስቁመው። አንዴ የተሾፈበት ሰው ሁለተኛ አይጽፍም።

ነዳጁን ማየት

የክበብ አውሮፕላን ላይ ማን መቼ እንደሞላ አይታወቅም። ስለዚህ ከበረራ በፊት ሁሉም ይህን ያድርግ፣ ያለፈው አብራሪ ከአሥር ደቂቃ በፊት ቢያደርገውም።

1. የክንፎቹን ክዳን ክፈቱና ደረጃውን በእንጨት ለኩ። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን መለኪያ አትመኑ። የዚህ ዓይነት የድሮ 172 መደበኛ ታንክ 42 ጋሎን ይይዛል፤ ሊበርበት የሚቻለው 38 ነው።

2. የክዳኑን ጎማ በጣት ዳስሱ። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የዝናብ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

3. ከእያንዳንዱ መቅጃና ከሞተሩ ሥር ካለው ማጣሪያ በብርጭቆ ቅዱ። 100 ሎው ሌድ የሚባለው ነዳጅ ቀላ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከታች ይቀመጣል፣ በመካከላቸውም መስመር ይታያል።

4. መስመር አለመታየቱ ግን ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ብርጭቆው በሙሉ ውሃ ከሆነም መስመር የለውም። ለዚህ ነው ቀለሙ የሚታየውና የሚሸተተው። ጠዋት ገና ሳይነጋ ንጹሕ መስሎ ያታለለ ብርጭቆ ብዙ ነው።

5. ዶቃ ካገኛችሁ እስኪጠራ ቅዱ፤ ከዚያ ክንፉን በእጅ ወዝወዝ፣ ጭራውን ዝቅ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁና እንደገና ቅዱ። ሦስት ጊዜ ቀድታችሁም ውሃ ከመጣ በረራው ይቅር፣ መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

ፕሮፔለሩን ደግሞ ቁልፉ ቢወጣም እንደበራ ቁጠሩት። የማግኔቶው የመሬት ሽቦ ከተበጠሰ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ሊነሣ ይችላል። ልጆች ይዘው የሚመጡ አባላት ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

የጥገና ቀን መቁጠሪያ

ክበብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ስቀሉና እነዚህን ከማለቂያ ቀናቸው ጋር ጻፉ፦ ዓመታዊ ምርመራ፣ በየ12 ወሩ፤ የአደጋ ጊዜ አስተላላፊ፣ በየ12 ወሩ፤ ትራንስፖንደር፣ በየ24 ወሩ፤ በመሣሪያ ለሚበሩ የከፍታ መለኪያው፣ በየ24 ወሩ፤ ምዝገባ፣ በየ7 ዓመቱ። አስተማሪ በክፍያ አውሮፕላኑን ራሱ አቅርቦ የሚያስተምር ከሆነ የ100 ሰዓት ምርመራም ይጨመራል።

ዘይት ፊልትሮ ካለው በየ50 ሰዓቱ ወይም በየ4 ወሩ፣ ወንፊት ብቻ ካለው በየ25 ሰዓቱ ይለወጣል። ይህን ቢያንስ የግል አብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ግን የሞተር መዝገቡ ላይ የሠራውን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን፣ የፈቃዱን ቁጥርና ዓይነት ካላሰፈረ እንዳልተሠራ ነው። የወጣውን ፊልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። ጥቁር ፍርፋሪ ካርቦን ነው፤ የሚያብረቀርቅና በማግኔት የሚነሣ ከሆነ ወደ መካኒኩ ይሂድ።

ላይካሚንግን ከመብረር በላይ የሚጎዳው መቆም ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ ስለሆነ ሲቆም ዘይቱ ይወርዳል፣ ብረቱ ይራቆታል፣ ዝገት ይጀምራል። መሬት ላይ አሥር ደቂቃ ማስነሣት ደግሞ እርጥበት ይጨምራል እንጂ አያወጣም። ሁለት ሳምንት ካልበረረ አንድ አባል ይጠራና ዘይቱ በደንብ ሞቆ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያብርረው። ያን በረራ በግማሽ ዋጋ የሚያስከፍል ክበብ አይከስርም።

ማሰር

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ አጠገብ በሮቢንስ መንደር፣ በሌሎች ሜዳዎች ላይ ቦታ የተነፈጋቸው ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች የራሳቸውን ክበብ፣ ሜዳና ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ሠርተው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሮቢንሰን በኋላ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል የበረረው ሰው ነው። ያን ሃንጋር በ1933 ማዕበል አፈረሰው። ነፋስ ዛሬም ያው ነው።

ገመዱ ናይሎን ይሁን፤ የቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፣ ክንፉን ይጎትታል። እያንዳንዱ ቢያንስ 700 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ሁለቱ ክንፎችና ጭራው ይታሰሩ፣ የመሪው መቆለፊያ ይግባ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። ገመዱ ፀሐይ ስለሚበላው በየዓመቱ ለውጡት፤ ዋጋው የአንድ ምሳ ነው።

ክበብ ቤቱ

ትልቅ መሆን የለበትም። ሃንጋር ጥግ ያለች ክፍል ወይም የተገዛ ኮንቴይነር ይበቃል። አስፈላጊዎቹ የአየር ሁኔታ የሚታይበት ስክሪን፣ ነጩ ሰሌዳ፣ የቁልፍ መስቀያ፣ የብልሽት መዝገቡና እሳት የሚቋቋም ቁም ሣጥን ናቸው። የአውሮፕላኑና የሞተሩ መዝገቦች ከዚህ ሣጥን የሚወጡት ለመካኒክ ብቻ ነው፤ ከመውጣታቸው በፊት ገጾቹ ፎቶ ይነሡ። መዝገቡ የጠፋ አውሮፕላን ሲሸጥ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል።

ለቤቱ ኤ ቢ ሲ የሚባለው የዱቄት እሳት ማጥፊያ ጥሩ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ዱቄቱ አሉሚኒየሙንና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃውን ይበላል። እዚያ ሃሎን የሚባለው የጋዝ ዓይነት ይሁን። ዘይት የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ፣ ነዳጅ ከቤቱ ውጪ።

ቡና ይፈላል፤ ያለዚያማ ማን ይመጣል። ከሰልና ዕጣን ግን ሃንጋር ውስጥም ሆነ ከአውሮፕላን አጠገብ አይነድም። ጀበናዋን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ዕጣን የግድ ካለ ከቤቱ ውጪ በነፋሱ አቅጣጫ ራቅ ብላችሁ። ወርሃዊ ስብሰባውን ከቡናው ጋር አያይዙት፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በቃል ሳይሆን በወረቀት ያቅርብ፣ ከዚያ የጥገና ኃላፊው መዝገቡን ያንብብ፣ ከዚያ ወሬ።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ቁልፉ መስቀያው ላይ መኖሩን፣ ምድጃው መጥፋቱን፣ ታክ መጻፉን ያያል። አንድ ነገር ደግሞ ልማድ አድርጉ፦ ጭራው ላይ ያለችው ቀይ ብልጭልጭ መብራት ስዊቿ ሁልጊዜ እንደበራ ይቀመጥ፣ የሚዘጋው ማስተር ስዊቹ (የኤሌክትሪኩ ዋና ማብሪያ) ብቻ። በሩን ቆልፋችሁ ወደ ኋላ ስትዞሩ ጭራው ላይ ቀይ ካበራ፣ አንድ ሰው ማስተሩን ረስቷል ማለት ነው፤ ባትሪው ሳያልቅ ተመልሳችሁ ዝጉት።